ከድመት ወደ ጽንስ፦ ልብ ያልተባለው የቶክሶፕላዝማ በሽታ

ማሽላና ማሾ ለሚያከማች የሸዋ ሮቢትና የይፋት ቆላ አርሶ አደር ድመት አይጥን የምታርቅ ባለውለታ ናት። ይሁንና ከዓይነ ምድሯ ጋር የሚወጣው፣ በዓይን የማይታየው ቶክሶፕላዝማ የተሰኘ ጥገኛ ተሕዋስ ሰውንም ከብትንም ይይዛል።

ጤነኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ ሳይሰማው ያልፋል። ብርቱ ጉዳት የሚደርሰው ነፍሰ ጡር ሴት በእርግዝናዋ ወቅት ለመጀመሪያ ጊዜ ስትያዝ ነው። ተሕዋሱ ወደ ጽንሱ ከተሻገረ ውርጃን፣ በሕፃኑ አንጎል ውስጥ የውኃ መጠራቀምን፣ ከዓመታት በኋላ የሚገለጥ የዓይን ጉዳትን ሊያስከትል ይችላል። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለና የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ወገኖች ደግሞ ለአንጎል ሕመም ይጋለጣሉ፤ ከጤና ተቋም የሚሰጣቸው ኮትራይሞክሳዞል ይህንንም ይከላከላል።

በአዲስ አበባ ባለቤት አልባ በሆኑ 36 ድመቶች ላይ የተደረገና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 የታተመ ጥናት፣ 33ቱ በተሕዋሱ ተይዘው እንደነበር በደም ምርመራ አረጋግጧል። ዕንቁላሉ በዓይነ ምድራቸው የተገኘው ግን በ7ቱ ብቻ ነው። ድመት ዕንቁላሉን የምትጥለው በአብዛኛው መጀመሪያ በተያዘችበት ወቅት፣ ለአንድና ለሁለት ሳምንታት ያህል በመሆኑ፣ አደን የጀመረች ግልገል ከአሮጊቷ ይልቅ ታሰጋለች።

የወደቀው ዕንቁላል በሽታ ለማስተላለፍ ከ1 እስከ 5 ቀናት ይፈጅበታል። በየዕለቱ የሚጠረግ ደጅ ስጋቱን የሚቀንሰው ስለዚህ ነው። ሳይነሣ የቀረው ግን በእርጥብ አፈር ውስጥ ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል፤ የመስኖ ማሳም ይመቸዋል። ክሎሪን አይበግረውም፤ የፈላ ውኃ ግን ይገድለዋል። ስለሆነም ቲማቲምና ሰላጣን በሚገባ ማጠብ፣ ከጓሮ ሥራ በኋላም እጅን በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል።

ድመቷን ብቻ መኮነን ግን አግባብ አይደለም። ተሕዋሱ በበግና በፍየል ሥጋ ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል፤ ሥጋውን በዓይን አይቶ መለየትም አይቻልም። ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ በሚወደድበት አገር ይህኛው መንገድ ቀላል አይደለም። መፍትሔው አዋዜ ሳይሆን እሳት ነው። የፍየል ወተትም ሳይፈላ ባይጠጣ ይመረጣል።

በግና ፍየልም በዚሁ በሽታ ይጨነግፋሉ። ጭንገፋ እንደ ብሩሴሎሲስ ያሉ ሌሎች መንሥኤዎችም ስላሉት የእንስሳት ሐኪም ማማከር ይገባል። የጨነገፈውን ጽንስና የእንግዴ ልጁን በባዶ እጅ ሳይነኩ አርቆ መቅበር ያሻል፤ ነፍሰ ጡር ሴት ጨርሶ ባትጠጋው ይመረጣል። የድመቷን ዓይነ ምድር መጥረግም እስክትወልድ ድረስ የሌላ የቤተሰብ አባል ሥራ ሊሆን ይገባል።