ከአምባሰል ቅኝት እስከ ሸክላ ገበያ፤ የአቶ አምሐ እሸቴ የንግድ ሥራ

በሐይቅ እስጢፋኖስና በአምባሰል የሚኖር ነጋዴ ስለ አገሩ ሀብት ቢጠየቅ እህሉን፣ ከብቱንና የሐይቁን ዓሣ ይቈጥራል። ይሁን እንጂ የአምባሰል ስም ከተራራው አልፎ በሩቅ የተሰማው በዜማም ጭምር ነው። ከአራቱ ታላላቅ የኢትዮጵያ ቅኝቶች፣ ይኸውም ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ፣ ሁለቱ የሚጠሩት በወሎ ስፍራዎች ስም ነው። ቅኝት የሕዝብ ስለ ሆነ ማንም ሊሸጠው አይችልም፤ በቅኝቱ የተዘፈነው ዘፈን ግን በሸክላ ሲቀረጽ የንግድ ዕቃ ይሆናል። ይህ እንዴት እንደሚሆን የአቶ አምሐ እሸቴ ሥራ በግልጽ ያስረዳል።

እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ የንጉሠ ነገሥት ትእዛዝ ሸክላ የማሳተምና ከውጭ አገር የማስገባት መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። በ1960ዎቹ ዓመታት ግን በአዲስ አበባ አዲስ ዓይነት ሙዚቃ ተስፋፍቶ ሳለ በሸክላ የሚያወጣው ጠፍቶ ነበር። በከተማው የሸክላ መደብር የነበራቸው ወጣቱ አቶ አምሐ፣ ደንበኛው የባዕድ ዘፈን ሲገዛ እያዩ፣ የአገሩን ዘፈን ቢያገኝ ይበልጥ እንደሚገዛ ተረዱ። ስለዚህ በ1969፣ ትእዛዙ የሚያስከትልባቸውን ቅጣት ሳይፈሩ፣ የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን አስቀርጸው በአገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ ወደ ሕንድ ልከው አሳተሙ። አምሐ ሬከርድስ የተባለው ድርጅት በዚህ ተመሠረተ።

የግል አሳታሚ ሥራ ከባድ ነው። ለዘፋኙና ለሙዚቀኞቹ፣ ለቀረጻው፣ ለማተሚያው፣ ለማጓጓዣውና ለቀረጡ የሚከፈለው ሁሉ አስቀድሞ ከኪስ ይወጣል፤ ትርፉ የሚታወቀው ሸክላው ከተሸጠ በኋላ ነው። የሆነ ሆኖ ድርጅቱ እስከ 1975 ድረስ የማሕሙድ አሕመድንና የሙላቱ አስታጥቄን ሥራዎች ጨምሮ ከ100 የሚበልጡ ትናንሽ ሸክላዎችንና ደርዘን ያህል ትላልቆችን አወጣ። መንገዱ ከተከፈተ ወዲያ ፊሊፕስንና ካይፋን የመሰሉ ተወዳዳሪዎችም ወደ ገበያው ገቡ።

በ1974 አብዮት ፈነዳ። አቶ አምሐ በ1975 ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ ሸክላውንም ካሴት ተካው። ሥራው ግን አልጠፋም። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1997 «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ እትም ሲጀምር የመጀመሪያውን ቅጽ የሞላው ከአቶ አምሐ ሸክላዎች ነበር።

በዚያው ዘመን ሌላ ገበያ በሌላ አገር ተወልዶ ነበር። ነሐሴ 5 ቀን 1965 ዓ.ም.፣ ይኸውም በአውሮፓ አቈጣጠር ኦገስት 11 ቀን 1973፣ ዲጄ ኩል ሄርክ በኒው ዮርክ ብሮንክስ ባሰናዳው ጭፈራ ላይ በሁለት ማጫወቻ የሸክላውን የከበሮ ክፍል እየደጋገመ አሰማ። ሂፕ ሆፕ የሚባለው ሙዚቃ መነሻ ይህ ነው ይባላል። የሂፕ ሆፕ አቀናባሪ ከአሮጌ ሸክላ ጥቂት ድምፅ ቈርጦ አዲስ ዘፈን ይሠራበታል፤ ስለዚህ ያልተሰማ አሮጌ ሸክላ ለእርሱ ጥሬ ዕቃ ነው። ካሊፎርኒያዊው የግል አቀናባሪ ኦ ኖ በ2009 ያወጣው አልበም በሙሉ ከኢትዮጵያ አሮጌ ዘፈኖች የተሠራ ነው። በ2010ም ናስና ዴሚያን ማርሊ በሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ላይ ተመሥርተው አንድ ዘፈን አወጡ።

ለነጋዴው ዋናው ጥያቄ ከዚህ ገበያ ማን ይጠቀማል የሚለው ነው። ከሸክላ ድምፅ ቈርጦ የሚወስድ ሰው ሁለት ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ አንዱ ከዜማው ደራሲ፣ ሁለተኛው ከቀረጻው ባለቤት። ዛሬ የሐይቅ ወይም የውጫሌ ወጣት በአንድ ኮምፒዩተር በቤቱ ሊቀርጽ፣ ሊያቀናብርና ሊያሰራጭ ይችላል፤ የማተሚያና የመርከብ ወጪ የለበትም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ዐዋጅ ቍጥር 410/2004ም ለድምፅ ቀረጻ አሳታሚ የ50 ዓመት ጥበቃ ሰጥቶታል። ነገር ግን ከዘፋኙና ከማሲንቆ ተጫዋቹ ጋር የተጻፈ ውል ከሌለው፣ ዋናውን ቅጂም ካላስቀመጠ፣ ገዢ ከሩቅ አገር በመጣ ጊዜ ባለቤትነቱን የሚያስረዳበት አያገኝም።

አቶ አምሐ በ2021 ዐረፉ። በወጣትነታቸው በራሳቸው ገንዘብ ያስቀረጹት ድምፅ ግን ከግማሽ ምእት ዓመት በኋላም ገዢ አላጣም።