ለውዱእ የበቃ ውሃ ለመጠጥም ይበቃልን?

ቀለሙ፣ ሽታውና ጣዕሙ ያልተለወጠ የምንጭ ውሃ ለጦሃራ ይበቃል። ይሁን እንጂ በዓይን የማይታዩ የተቅማጥ ጀርሞች ሊኖሩበት ስለሚችሉ ለመጠጥ መፍላት አለበት። በተቅማጥ ፈጥነው የሚጎዱት ሕፃናት ናቸውና።

አምባ ጊዮርጊስ እንደ ዳባትና ደባርቅ ሁሉ ደጋ ስለሆነች፣ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ይህም ጀርሞችን ይገድላል፤ ነገር ግን ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ መቆየት ይኖርበታል። የደፈረሰውን አስቀድመው በንጹሕ ጨርቅ ያጥልሉ። የፈላውን ክዳን ባለው ጀሪካን ያኑሩ።

የመጸዳጃ ጉድጓድ ከውሃው ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ፣ በቁልቁለቱ በኩል ይቆፈር። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በውሃ መቅጃ ቦታ መጸዳዳትን መከልከላቸውን አንዘንጋ። ከመጸዳጃ ሲመለሱ፣ ከውዱእ በፊት እጅዎን በሳሙና፣ ከሌለም በአመድ ይታጠቡ።

ልጅዎን ተቅማጥ ከያዘው ጡት ማጥባት አይቋረጥ፤ ኦ.አር.ኤስ በፓኬቱ ላይ በተጻፈው መጠን በንጹሕ ውሃ በጥብጠው ደጋግመው ያጠጡት። ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም መጠጣት ካቃተው ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ ያድርሱት።