«ገዳይ!» ብሎ መስደብ እኛ ዘንድ ለምን አይሠራም

እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተ፣ ሥራው አዳኞችን ሜዳ ድረስ ተከትሎ አደኑን ማሰናከል የሆነ ማኅበር አለ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ፣ ፈቃድ ይዞ የወጣን አዳኝ ማወክ በሃምሳውም ግዛቶች በሕግ ያስቀጣል። በሁለቱም አገር ተቃዋሚው አዳኙን ሲያገኘው «ገዳይ!» ብሎ ይጮህበታል።

አሁን ይህንኑ ቃል ይዛችሁ ወደ ደቡብ ወሎ፣ ወደ ከላላ ወይም ወደ ቦረናዋ መካነ ሰላም ኑ። ሰውየው ማፈሩ ቀርቶ ደረቱን ይነፋላችኋል! በፉከራችን «ገዳይ» ማዕረግ ነበር። አንበሳ ጥሎ ጎፈሩን የደፋ ሰው መንደር ሲገባ በእልልታ ነው የሚቀበሉት። ስለዚህ ጠመንጃ ካነገበ ሰው ጋር ዱር ላይ መነጋገር ካለባችሁ፣ መጀመሪያ ማወቅ ያለባችሁ እሱን በእርግጥ የሚያሳፍረው ምን እንደሆነ ነው። የሚያሳፍረው የጋራውን መንካት ነው።

ለዚህ ምሳሌ የመንዝ ጓሳ አለላችሁ፤ እኔ ስለሱ ባወራ አልጠግብም። የመንዝ ቀደምት አባቶች የሚባሉት የአስቦና የጌራ ተወላጆች ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያን ሰፊ የሣር ምድር በቄሮ ሥርዓት ይጠብቁ ነበር። አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመርጣሉ፤ ሣሩ ሦስት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ይዘጋል፤ ጥበቃውን አቅም ያለው ወንድ ሁሉ በተራ ይወጣዋል። ተራውን ያልወጣ ይቀጣል። የሚከፈትበት ቀን ሲደርስ ሁሉም ማጭዱን ይዞ በአንድ ቀን ይወጣል። ልብ አድርጉ፤ ክርክሩ ሁሉ ያለቀው ቀድሞ ስብሰባ ላይ ነው። ሜዳው ላይ የተያዘ ሰው የሚከራከረው ከአንድ ዘበኛ ጋር ሳይሆን ራሱ እጁን ካወጣበት ቃል ጋር ነው። ሥርዓቱ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ፈረሰ፤ በኋላ ግን ሕዝቡ በሌላ መልክ መልሶ አቆመው። ከዚህ ጥበቃ ቀይ ቀበሮም ተጠቀመ፤ ሣሩ ውስጥ አይጥና ፍልፈል አለለት።

ወደ ወሎዋ ቦረና እንመለስ። ከመካነ ሰላም በላይ ያለው ደንቆሮ ጫካ ዛሬ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ አካል ነው። ጭላዳ፣ የምኒልክ ድኩላ፣ ነብርና ቀይ ቀበሮ አሉበት። በዓለም ላይ የቀሩት ለአቅመ መራባት የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ሁሉም ያሉት ደግሞ በእኛ ተራሮች ላይ ነው። ያለፈቃድ ማደንን የአገሪቱ የዱር እንስሳት አዋጅ ይከለክላል። ግን እዚያ ዳገት ላይ አዋጅ የመጥቀስ ጥቅሙ ትንሽ ነው።

አንድ ገበሬ በግ ተበልቶበት፣ ጠመንጃውን ይዞ ጫካው ጠርዝ ላይ ቆሟል እንበል። ከሩቅ ሰላምታ ስጡ፤ ሳታሰሙ ከኋላው አትቅረቡ። ከአፈሙዙ ፊት አትቁሙ፤ ጎን ለጎን ሁኑና ልክ እሱ እንደሚያደርገው ወደ ጫካው ተመልከቱ። ስለ አዋጁ ከመናገራችሁ በፊት ስለ በጊቱ ጠይቁት፤ ስንት ነበሩ፣ መቼ ጠፋች፣ ዱካውን አይተሃል ወይ። አንዳንዴ ዱካው የነብር ይሆንና ቀበሮው ከጥርጣሬ ይወጣል። ልጆቹ እየሰሙ አትውቀሱት። ከተቆጣ ተመለሱ፤ በሕይወት የተመለሰ ሰው ነገ ከሽማግሌ ጋር መምጣት ይችላል። እዚህ አካባቢ እስላሙና ክርስቲያኑ አብሮ ስለሚኖር ሼኹንም ቄሱንም ይዞ መሄድ ነው፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ እምቢ የሚል ሰው ጥቂት ነው። ለቀበሌውና ለፓርኩ ጠባቂዎች ቦታውንና ሰዓቱን ንገሩ፤ የበጊቱንም ነገር አብራችሁ አመልክቱ።