ከኮልፌ ወደ ተሰጥኦ ጉባኤ፤ የአንድ ትንሽ ድርጅት ተሞክሮ

መግቢያ

ባሁኑ ጊዜ በአዲስ አበባ ከተማ የቴክኖሎጂ ተሰጥኦ ጉባኤ የሚባል ስብሰባ እየተለመደ መጥቷል። ስሙን የሰማው ሰው ብዙ ነው፤ በውስጡ የሚደረገውን በቅርብ ያየው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በዚህ አጭር ጽሑፍ ጉባኤው ምን እንደ ሆነ፣ በምን ዓይነት ሥርዓት እንደሚካሄድ፣ ለአንድ ትንሽ ድርጅትም ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚወስድ ያየነውን ያህል ለመግለጽ እንሞክራለን።

እኛ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች ሦስት ነን። ቀን ቀን በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ለነጋዴዎች የኮምፒዩተር የሒሳብ መዝገብ በሚያዘጋጅ አንድ ትንሽ ድርጅት እንሠራለን፤ ማታ ማታ ደግሞ በኮሌጃችን እንማራለን። የድርጅቱ ሠራተኞች ሁሉ ሲቈጠሩ 7 ናቸው። ሥራ ስለ በዛብን 2 ፕሮግራም ሠሪዎች ለመቅጠር ፈልገን፣ እኛ ሦስታችንና አንድ የሥራ ጓደኛችን ሆነን ወደ አንድ የተሰጥኦ ጉባኤ ሄድን። ሄደን ያገኘነው ነገር ካሰብነው የተለየ ስለ ነበረ ለሌሎችም ትምህርት ይሆናል ብለን ጻፍነው። የጉባኤውን አዘጋጅና በዚያ ያገኘናቸውን ድርጅቶች ስም መጥራት ለነገሩ ስለማይጠቅም ትተነዋል።

ሀ. የጉባኤው አመጣጥ

ኮምፒዩተር የሚያውቁ ወጣቶችንና አሠሪዎችን በአንድ አዳራሽ ማገናኘት በሀገራችን ብዙ ዕድሜ ያለው ልማድ አይደለም። ይሁን እንጂ መንገዱን ያዘጋጁለት ሥራዎች አሉ። በ2013 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተቋቋመው አይኮግ ላብስ፣ ሶፊያ የተባለችውን ሰው መሰል ሮቦት ፕሮግራም በማዘጋጀት ተካፍሏል፤ ሮቦቷም በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥታ ታይታለች። በ2016 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ገበያ የተባለው ድርጅት ደግሞ የሠለጠኑ ወጣቶችን ከአሠሪዎች ጋራ ለማገናኘት ተነሣ፤ የድርጅቱ ስም ራሱ ሐሳቡን ይገልጻል። በ2019 እ.ኤ.አ. የተጀመረውና ኤ ቱ ኤስ ቪ በሚል አሕጽሮት የሚታወቀው ማሠልጠኛም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለታላላቅ ኩባንያዎች የቅጥር ፈተና ያዘጋጃል፤ ከተማሪዎቹም አንዳንዶቹ ጉግልን በመሰሉ ኩባንያዎች ተቀጥረዋል። ከዚህ በኋላ ሐምሌ 16 ቀን 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከተባበሩት የዓረብ ኤምሬቶች ጋራ በመተባበር 5 ሚሊዮን ኮደሮችን የማፍራት ዕቅድ ይፋ አደረገ። ትምህርቱ በኢንተርኔትና ያለ ክፍያ ስለሚሰጥ፣ ስልክና መስመር ያለው ወጣት ሁሉ ሊጀምረው ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። በ2018 እ.ኤ.አ. በካናዳ ሞንትሪያል ከተማ በተደረገው ትልቅ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ጉባኤ ላይ ሊገኙ የነበሩ ብዙ አፍሪካውያን ተመራማሪዎች ቪዛ ተከለከሉ። ሥራቸው ተመርምሮ ተቀባይነት ያገኘ ሰዎች ሳይቀሩ በበሩ ሊገቡ አልቻሉም። አይ ሲ ኤል አር የሚባለው ሌላው ታላቅ ጉባኤ የሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ስብሰባውን በአዲስ አበባ ለማድረግ የወሰነው አንዱም ይህንን ችግር በማየት ነበር። ሆኖም የኮሮና ወረርሽኝ ስለ ደረሰ ስብሰባው በኢንተርኔት ብቻ ተደረገ። ጉባኤው በአካል አፍሪካን የረገጠው በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በኪጋሊ ነው። ከዚህ የምንረዳው፣ ጉባኤ የሚያሳየው በበሩ የገባውን ሰው ብቻ መሆኑን ነው። ይህ ነገር በሀገሮች መካከል ብቻ ሳይሆን በአንድ ከተማ ሰፈሮች መካከልም እንደሚሠራ ቈይተን ተረዳን።

ለ. የጉባኤው ሥርዓት

ጉባኤው የተደረገበት አዳራሽ በከተማው ምሥራቅ በኩል ስለ ነበረ ከጦር ኃይሎች በባቡር ተነሣን። ይህ መስመር በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ሲጀምር የከተማውን ምዕራብ ከአያት ጋራ አገናኝቷል። ከአዳራሹ ስንደርስ ስማችን ተመዝግቦ፣ ስምና ድርጅት የተጻፈበት ካርድ በአንገታችን ተንጠለጠለ። ካርዱ በቀለም ተለይቶ ነበር፤ አንደኛው ቀለም የአሠሪ፣ ሁለተኛው የሥራ ፈላጊ ነው። ስለዚህ ሰው ገና ሳይናገር ገዢና ሻጭ መሆኑ ይታወቃል።

ሥርዓቱ በአራት ይከፈላል። መጀመሪያ በመድረክ ላይ ንግግር ይደረጋል። ሁለተኛ አሠሪዎች ጠረጴዛ ዘርግተው ሥራቸውን ያስረዳሉ፤ ወጣቶቹም እየዞሩ የትምህርትና የሥራ ታሪካቸውን በአንድ ገጽ ጽፈው ይሰጣሉ። ሦስተኛ ፈተና አለ። አራተኛ ፈተናውን ያለፉት ከአሠሪዎች ጋራ ለየብቻ ለጥቂት ደቂቃ ይነጋገራሉ። ንግግሩም፣ ወረቀቱም፣ ፈተናውም ባብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው።

ከአራቱ ዋነኛው ፈተናው ስለ ሆነ ትንሽ እንግለጸው። ለምሳሌ ያህል የታክሲ ፌርማታዎች ዝርዝርና በመካከላቸው ያለው ርቀት ይሰጥና፣ ከጦር ኃይሎች ተነሥቶ አየር ጤና የሚያደርሰውን አጭሩን መንገድ የሚያገኝ ፕሮግራም ጻፍ ይባላል እንበል። ፌርማታዎቹ 10 ቢሆኑ በእጅም ተሞክሮ ይገኛል። 10 ሺሕ ቢሆኑ ግን መንገዱን ሁሉ አንድ በአንድ መሞከር ለኮምፒዩተርም የማይቻል ነው። ስለዚህ ተፈታኙ ብልሃት ያስፈልገዋል። ብልሃቱ ከመነሻው እጅግ ቅርብ የሆነውን ፌርማታ አስቀድሞ መያዝ፣ ከእርሱም ወደ ጎረቤቶቹ ያለውን ርቀት ደምሮ መመዝገብ፣ ቀጥሎም ካልተያዙት መካከል ቅርቡን እየመረጡ መድረሻው እስኪገኝ መቀጠል ነው። ይህንን ዘዴ የሆላንዱ ሊቅ ኤድስገር ዳይክስትራ በ1956 እ.ኤ.አ. አግኝቶት፣ እስከ ዛሬ የተማሪዎች ትምህርትና የአሠሪዎች መፈተኛ ሆኖ ይኖራል። እንዲህ ያለው ፈተና ጥቅም አለው። የማን ልጅ ነህ፣ ማን ላከህ ሳይል አሳብን ብቻ ስለሚመዝን ከአማላጅ ያድናል።

ሐ. በፈተና የማይታየው

ሆኖም በፈተናው የማይመዘን ሌላ ችሎታ አለ፤ ይህንን የተማርነው ከጉባኤው በፊት በሰፈራችን ነበር።

በኮልፌ አጠና ተራ የባሕር ዛፍ እንጨት የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ መዝገብ እንድንሠራላቸው ጠይቀውን ነበር። እኛም ፕሮግራሙን ስንጽፍ፣ እያንዳንዱ እንጨት አንድ ስምና አንድ ዋጋ አለው ብለን ተነሣን። እርሳቸው ግን ቋሚውን በውፍረቱና በቁመቱ፣ ማገሩን በእስር ይሸጣሉ፤ ወራጁንም ገዢው የሚሠራውን ቤት ጠይቀው መርጠው ይሰጣሉ። ከሁሉም በላይ ብዙው ሽያጭ በዱቤ ነው። የዱቤው ቀን የሚወሰነው በወር መጨረሻ ሳይሆን፣ ገዢው ዕቁብ በሚደርሰው ወይም ከአሠሪው ክፍያ በሚቀበልበት ጊዜ ነው። ፕሮግራማችን ይህንን ሁሉ የሚያስገባበት ቦታ አልነበረውም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ደብተራቸው ተመለሱ። ምክንያቱን ስንጠይቃቸው፣ «ልጆቼ፣ የእናንተ መዝገብ እንጨቱን ያውቃል፤ ሰዉን ግን አያውቅም» አሉን።

ከዚያ በኋላ ጓደኛችን ለሦስት ሳምንት እየሄደ ከጋሼ ጎን ተቀምጦ ሲሸጡ አየ፤ ፕሮግራሙንም እንደ ገና ጻፈው። አሁን በዚያው ይጠቀማሉ። ይህ ሥራ የዳይክስትራን ብልሃት አልጠየቀም። የጠየቀው ትዕግሥትን፣ አክብሮትንና የማያውቁትን አላውቅም ማለትን ነው። እነዚህን ችሎታዎች በጥቂት ደቂቃ የሚለካ ፈተና በጉባኤው አላየንም፤ ለመሥራትም ቀላል አይመስለንም።

መ. ልንቀጥር ሄደን የሆነው

በጉባኤው ጠረጴዛችን ላይ በሁለት ቀን ውስጥ 41 ወጣቶች ወረቀታቸውን ሰጡን። ከነዚህ ከ10 የሚበልጡት ፈተናውን በሚገባ ያለፉ ነበሩ። ነገር ግን ደመወዛችንን ስንነግራቸው በትሕትና እያመሰገኑ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሄዱ። አልፈረድንባቸውም፤ ከጎናችን የነበሩት አሠሪዎች ከእኛ ብዙ እጥፍ ይከፍሉ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ደግሞ ያላሰብነው ነገር ሆነ። የውጭ ሀገር ኩባንያ ወኪል የሆነ ሰው ወደ ጠረጴዛችን መጥቶ የእንጨቱን ነጋዴ መዝገብ ጓደኛችን እንዲያስረዳው ጠየቀ። ጓደኛችንም በደስታ አስረዳው። ሰውየው እስከ መጨረሻው አዳመጠና ካርዱን ሰጠው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጓደኛችን ከቤቱ ሳይወጣ፣ በውጭ ገንዘብ እየተከፈለው እንዲሠራ ጥሪ ደረሰው።

እንግዲህ ሁለት ሰው ልንቀጥር ሄደን አንድ ሰው አጥተን ተመለስን። ጉዳቱ ከቍጥር በላይ ነበረ። ከፕሮግራማችን የሚበዛውን የጻፈው እርሱ ስለ ነበረ፣ የዱቤው ክፍል እንዴት እንደሚሠራ ከእርሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። መጀመሪያ አዘንን፤ ከመካከላችንም «ያሠለጠንነው እኛ፣ የሚጠቀምበት ሌላ» ብሎ የተቈጣ ነበር። ቈይተን ስናስበው ግን ጥፋቱ የእርሱ አልነበረም። እናቱንና ሁለት ታናናሾቹን የሚረዳ ልጅ ነው። ደግሞም የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሥራውን እንዲለቅ ይፈቅዳል። ዕውቀቱ ሁሉ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ተከማችቶ እንዲቀር ያደረግነው እኛው ነን።

ሠ. ከዚያ በኋላ ያደረግነው

30ውን ቀን በሦስት ነገር ተጠቀምንበት። አንደኛ፣ ጓደኛችን የፕሮግራሙን አሠራር በአማርኛ እንዲጽፈው ለመንነው፤ ጻፈውም። ሁለተኛ፣ ከእንግዲህ ማናቸውንም የሥራ ክፍል ሁለት ሰው እንዲያውቀው ደነገግን። ሦስተኛ፣ ሠራተኛ የምንፈልግበትን መንገድ ለወጥን።

አዲሱ መንገድ እንዲህ ነው። በሰፈራችን ላሉ ወጣቶች ነገርናቸውና ለሚመጡት ሁለት ሥራ ሰጠን። በመጀመሪያው ቀን ከአንድ ነጋዴ ጎን ተቀምጠው ሒሳቡን እንዴት እንደሚይዝ በሚያውቁት ቋንቋ ጽፈው ያመጣሉ። በሁለተኛው ቀን ሆን ብለን ያበላሸነውን ትንሽ ፕሮግራም፣ ስሕተቱን ፈልገው ያርማሉ። ጊዜው አንድ ሙሉ ቀን ነው፤ መጽሐፍም ኢንተርኔትም ማየት ይፈቀዳል። በዚህ ዓይነት ሁለት ሰዎች ተቀበልን። አንደኛዋ በኮልፌ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ስልክ ስትጠግን የኖረች እኅታችን ናት፤ ፕሮግራም መጻፍ የጀመረችው በነጻው የኮደሮች ትምህርት ነው። ሁለተኛው የወፍጮ ቤት ሒሳብ ይይዝ የነበረ ወጣት ነው። ሁለቱም ስለ ተሰጥኦ ጉባኤው ሰምተው አያውቁም ነበር፤ ቢሰሙም በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ማመልከቻ አይሞሉም ነበር።

ፍጻሜውን ሳንሸሽግ እንናገር። ወጣቱ በሦስተኛው ወር ሌላ ሥራ አግኝቶ ሄደ። እኅታችን ግን ቀረች፤ በስድስተኛው ወር የዱቤውን ክፍል ለብቻዋ ልታርም ቻለች። ከጋሼ ጋራ ስትነጋገር ማንም አስተርጓሚ አያስፈልጋትም። እርሷም አንድ ቀን ትሄድ ይሆናል። እስከዚያው ግን የምታውቀውን ሁሉ ሁለተኛ ሰው እያወቀው ነው።

መደምደሚያ

ካየነው ሁለት ነገር እንደመድማለን። የመጀመሪያው፣ የተሰጥኦ ጉባኤ ገበያ እንጂ ትምህርት ቤት አይደለም። በገበያ ዕቃው ወደ ብዙ ከፋይ መሄዱ የታወቀ ስለ ሆነ፣ ገንዘብ የሌለው ድርጅት ሰው እገዛለሁ ብሎ ባይሄድ ይሻለዋል። ሥራውን ለማሳየትና ሌላው ምን እንደሚሠራ ለማየት ቢሄድ ግን ይጠቀማል፤ እኛም ከጉባኤው በኋላ ሁለት አዳዲስ ደንበኞች አግኝተናል።

ሁለተኛው፣ ዕውቀት ከሰው ጋራ የሚጓዝ ስለ ሆነ፣ የሠለጠነው ሁሉ ይቀራል ብሎ ማሰብ አይገባም። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ወደ ኮልፌ መጥቶ በዚያ በነበረው የፖሊስ ጦር ሰፈር የወታደር ትምህርት ተምሯል፤ 6 ወር ሊቈይ ታስቦ ጊዜውን ሳይጨርስ ወደ ሀገሩ ተጠራ። የተማረውን ይዞ መሄዱን ግን እንደ ኪሳራ የቈጠረው የለም፤ ከመጀመሪያውም የመጣው ይዞ ሊሄድ ነበር። ኪሳራ የሚሆነው ሰው ሲሄድ ከኋላው ሌላ የሚያውቅ ሳይኖር ሲቀር ነው።

ስለዚህ ጉባኤዎችን ለሚያዘጋጁ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በየዓመቱ አንድ ቀን እንኳ ከትልቁ አዳራሽ ወጥቶ፣ በኮልፌም ሆነ በሌላ ክፍለ ከተማ፣ ፈተናውን በአማርኛና ወጣቶች በሚናገሯቸው ሌሎች ቋንቋዎች ቢሰጥ፣ በበሩ ያልገቡ ብዙዎች ይታያሉ። እኛ በ7 ሰው ድርጅት በሁለት ቀን ሥራ ያገኘነው ይህን ያህል ከሆነ፣ በሰፊው ቢሞከር የሚገኘው እንደሚበልጥ እናምናለን።