ዕቃ በመልኩ አይታመንም



ወርቅ በእሳት፣ ወዳጅም በመከራ ቀን እንደሚፈተን የታወቀ ነው። በየቤታችን የምናኖረውን ዕቃ ግን ብዙዎቻችን የምንገዛው መልኩን ዐይተንና የነጋዴውን ቃል ሰምተን ነው። ገመዱ ወፍራም ስለ ሆነ ብርቱ፣ ሣጥኑም በመልካም ቀለም ስለ ተቀባ ጽኑ ይመስለናል። ዳሩ ግን መልክ ሸክም አይሸከምም። ስለዚህ የዕቃ ጥንካሬ እንደ ምን እንደሚፈተን፣ ይህም ዕውቀት ለቤተ ሰብ ምን እንደሚጠቅም ባጭሩ ልንገልጽ ወደድን።

ጥበቡ የቈየ ነው። ስመ ጥሩው የጣሊያን ሠዓሊ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ (1452–1519 በፈረንጆች አቈጣጠር) የብረት ሽቦን ጕልበት ለማወቅ ያሰበው ዘዴ በማስታወሻው ይገኛል። በሽቦው ጫፍ ቅርጫት ይንጠለጠላል፤ ወደ ቅርጫቱም ከላይ አሸዋ በቀስታ ይወርዳል፤ ሽቦው በተበጠሰ ጊዜ አሸዋው መውረዱን ያቆምና ይመዘናል። የፈተና ሁሉ መሠረቱ ይኸው ነው፤ ሸክሙን ጥቂት በጥቂት መጨመር፣ ዕቃው የሚሰበርበትንም ልክ በሚዛን ማወቅ።

ይህን ሥራ ራሱን የቻለ ሞያ ካደረጉት ሰዎች አንዱ የስኮትላንድ ተወላጅ ዴቪድ ከርካልዲ ነው። እርሱ በ1866 በሎንደን ከተማ የመፈተኛ ቤት ከፈተ፤ በ1874ም በሳዘርክ መንገድ ወዳለው ሕንጻ አዛወረው። በውኃ ግፊት የሚሠራው ታላቁ መኪና ርዝመቱ ከ14 ሜትር ይበልጣል፤ ኀይሉም እስከ 450 ቶን ያህል ይደርሳል። ብረትን ይስባል፤ ይጫናል፤ ያጐብጣል፤ ይጠመዝዛል። በሕንጻው ደጅ ላይ «የተረጋገጠ ነገር እንጂ አስተያየት አይደለም» የሚል ትርጕም ያለው ቃል ተቀርጾበታል። በፍርድ አደባባይ ለዋለ ሰው ይህ ቃል እንግዳ አይደለም። ዳኛ ምስክር ሳይሰማ እንደማይፈርድ ሁሉ፣ ብረትም ሳይመረመር ጽኑ ነው አይባልም።

ምርመራው ሲታጐል የሚመጣውን ጥፋት በ1879 ታኅሣሥ ወር መጨረሻ በስኮትላንድ የደረሰው አደጋ ያስተምራል። በቴይ ወንዝ መግቢያ ላይ የተሠራው ረጅም የባቡር ድልድይ በብርቱ ዐውሎ ነፋስ ሌሊት ባቡሩ ሲያልፍበት ተናደ፤ ከተሳፈሩትም አንድ ነፍስ አልተረፈም። ድልድዩ ከተከፈተ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። ለምርመራው ከፍርስራሹ የተሰበሰቡ ብረቶች በከርካልዲ ተፈተኑ። ትልቁ ድካም የተገኘውም በመጋጠሚያው ነው። ማሰሪያ ዘንጎቹ የሚያያዙባቸው የብረት ጆሮዎች ቀዳዳቸው የተበሳ ሳይሆን ብረቱ ቀልጦ ሲፈስ አብሮ የወጣ ነበር፤ ስለዚህ ወደ አንድ ወገን ጠበበ፤ ብሎኑም ቀዳዳውን ሞልቶ በመቀመጥ ፈንታ በጠርዙ ብቻ ተደገፈ። ጆሮዎቹም ከታሰበው እጅግ ባነሰ ሸክም ተሰበሩ። ነገር የሚለያየው ብዙ ጊዜ በተጋጠመበት ነው።

ይህ ስለ ሙጫም እውነት ነው። ሁለት ጣውላዎች ተደራርበው ቢጣበቁና በቁመታቸው ቢሳቡ፣ የተቀባው ሙጫ በሙሉ ሸክሙን ይካፈላል። ከጫፉ ተነሥቶ ቢላጥ ግን ኀይሉ ሁሉ በአንዲት ቀጭን መሥመር ላይ ይወድቃልና በጥቂት ጕልበት ይለቃል። በሁለት እጅ ቢጐተት የማይነቀለው የጫማ ሶል ከአፍንጫው በኩል ከተከፈተ በኋላ ቶሎ የሚገነጠለው ስለዚህ ነው። ስለዚህም መርማሪዎች አንዱን ሙጫ በመሳብ፣ በማንሸራተትና በመላጥ ለየብቻ ይፈትኑታል፤ የአንዱ ፈተና ውጤት ለሌላው ምስክር አይሆንም።

የካርቶን ሣጥንም እንዲሁ ነው። በሁለት ሰሌዳዎች መካከል አድርገው እስኪጨፈለቅ ድረስ በቀስታ ይጫኑታል፤ ሌላውን ደግሞ በጐኑ፣ በጠርዙና በማዕዘኑ ከተወሰነ ከፍታ ይጥሉታል። ወረቀት የአየሩን እርጥበት ስለሚጠጣ፣ ፈተናው የሚደረገው በ23 ዲግሪ ሙቀትና በመቶ 50 እርጥበት በተጠበቀ ክፍል ውስጥ ነው። በደረቅ ወራት ብርቱ የነበረ ሣጥን በክረምት ይለሰልሳልና። ከሸክሙም አብዛኛውን የሚሸከሙት አራቱ ማዕዘኖች ናቸው። እንግዲህ ሰነድ ወይም ሸክላ ዕቃ በካርቶን የሚያኖር ሰው ሣጥኖቹን ማዕዘን በማዕዘን ላይ አስተካክሎ ይደርድር፤ ከመሬትም በጣውላ ያንሣቸው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ግን የልጆች ዥዋዥዌ ነው። 25 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ጸጥ ብሎ ቢቀመጥበት ገመዱ የሚሸከመው ያንኑ 25 ኪሎ ነው። ልጁ ሲወዛወዝ ገመዱ ከቁም መሥመር እስከ 60 ዲግሪ ቢወጣ ግን፣ ወደ ታች በሚመለስበት ጊዜ ሸክሙ እጥፍ፣ ማለት 50 ኪሎ ይሆናል። በዚህ ላይ ቋጠሮ የገመድን ጕልበት ብዙውን ጊዜ እስከ እኩሌታ ድረስ ይቀንሳል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው ድሩ ሳይበሰብስና ሳይላላጥ ነው።

ስለዚህ የቤት አባት አስቀድሞ ልጁን አራት እጥፍ የሚመዝን አሸዋ በጆንያ ሞልቶ በመቀመጫው ላይ ይስቀል፤ በአጠገቡም ሰው አይቁም። ጆንያውን ጥቂት ሰዓት ካቈየው በኋላ ቋጠሮውን፣ ገመዱ ከቅርንጫፉ ጋር የሚፋተግበትን ስፍራና ቅርንጫፉን ራሱን ይመርምር። ክሩ የተበጠሰ ወይም ቋጠሮው የተንሸራተተ ቢሆን ገመዱን ያለ ርኅራኄ ይጣለው። ፈተናውን ያለፈ ገመድም ለዘወትር የታመነ አይደለም፤ ፀሓይና ዝናም ያደክሙታልና ክረምት በወጣ ቍጥር ምርመራው ይደገም።

ይህን ሁሉ ማድረግ የሚጠይቀው አንድ ጆንያ አሸዋና የግማሽ ቀን ትዕግሥት ነው። ገመድ መበጠሱ ካልቀረ፣ በአሸዋ ሥር ይበጠስ እንጂ በልጅ ሥር አይበጠስ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነውና፣ የቤት ጌቶችና እመቤቶች ዕቃቸውን ከማመናቸው በፊት እንዲመረምሩት እናሳስባለን።