«ውጣ» እና «ውጪ»፦ ስለ አጥማቂዎች ንግግር

ርኩስ መንፈስ አድሮባታል የምትባል ሴት በጠበል ስፍራ ስትቀርብ፣ አጥማቂው «አይዞሽ እኅቴ» ሲላት ይቆይና መስቀሉን አንሥቶ «ስምህን ተናገር! በምን ያዝካት? ውጣ!» ይላል። በዕድሜ የገፉ እናት ቢሆኑም «እርስዎ» ቀርቶ «አንተ» ይተካል። ከሴቲቱ አፍ የሚወጣውም መልስ «ያዝኳት፤ አልለቃትም» የሚል ነው፤ ባለቤቷ ራሷ ሦስተኛ መደብ ሆና ትቀራለች። የግሡን መድረሻ የሰማ ሁሉ ማን ለማን እንደሚናገር ያውቃል። ሕመሙ ከሕመምተኛዋ ተለይቷልና ነቀፌታው በእርሷ ላይ አያርፍም።

የላቲን ትእዛዝ አንቀጽ ጾታን አይለይም፤ እንግሊዝኛው ጾታንም አክብሮትንም አይለይም። በ1614 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በ1999 ታድሶ ሲታተም (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ልዩነቱን በጸሎቱ አወቃቀር አስቀመጠው፦ ልመናው ለእግዚአብሔር፣ ትእዛዙ ለሰይጣን፤ ትእዛዙም ያለ ልመናው ብቻውን አይነገርም። ፈጻሚውም ጳጳሱ የፈቀደለት ካህን ብቻ ነው። በ1967 በፒትስበርግ የጀመረው የካቶሊክ ካሪዝማ ንቅናቄ ሰባክያን ግን በቃል የሚፈስ ንግግር ስለሚያዘወትሩ ለእኛ አጥማቂዎች ይቀርባሉ።

ዛር ሌላ ነው። በዛር ጉባኤ «ውጣ» አይባልም፤ የሚሻው ተጠይቆ ይለመናል፣ ሴቲቱም የዛሩ «ፈረስ» ትባላለች። ሚሼል ሌሪስ በ1932 ጎንደር ላይ ይህን በቅርብ ተከታትሏል፤ ቮልፍ ሌስላውም ዛር ያደረባቸው ሰዎች የሚነጋገሩበትን ምሥጢራዊ ቋንቋ በ1949 አሳትሟል።

አደጋው የሚጀምረው «ማን ላከህ?» ሲባል ይመስለኛል። ቡዳም ሲሆን የሚለፈለፈው ስም የጎረቤት ስም ነው፤ ያ ጎረቤት ግን በስፍራው ተገኝቶ መልስ ሊሰጥ አይችልም። በሕፃናት ላይ ደግሞ የባሰ ነው። በለንደን በ2000 በአሳዳጊዎቿ እጅ ተሠቃይታ የሞተችው የስምንት ዓመቷ ቪክቶሪያ ክሊምቢዬ፣ ርኩስ መንፈስ አለባት የሚል ቃል በጸሎት ቤት ተነግሮባት ነበር። «አንተ» የሚለው ቃል ለመንፈሱ ቢሆንም ሥጋው የልጅ ነው።

ለሐኪም የሚያስተረጉም ወገናችንም ይህን ሰዋስው ሊያስረዳ ይገባዋል። «ያዝኳት» የሚለውን ቃል እንዳለ ቢመልሰውና «እኔ» ባዩ ማን እንደ ሆነ ሳይገልጽ ቢያልፍ፣ ሐኪሙ ሴቲቱ ስለ ሌላ ሴት የምታወራ ይመስለዋል።