ሳይቃጠል በቅጠል

ፀሐይ የሕይወት ምንጭ መሆኗን የማያውቅ የለም። እህሉን የምታበስለው፥ ስጡን የምታደርቀው፥ የሕፃኑንም አጥንት የምታጠነክረው እርሷው ናት። ይሁን እንጂ ይህችው ባለውለታ የቆዳችን ባላጋራ የምትሆንበት ሰዓት አለና፥ ዛሬ ስለዚሁ ጉዳይ ከአንባቢዎች ጋር ጥቂት እንነጋገር።

ብዙዎቻችን የፀሐይ ጉዳት ከሙቀቷ ብቻ የሚመጣ ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ቆዳን የሚጎዳው ለዓይን የማይታየው አልትራቫዮሌት የተባለው ጨረር ነው። የዚህም ጨረር ኃይል ከባሕር ጠለል 1,000 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር ከመቶ 10 ያህል ይጨምራል። ስለዚህ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚኖር የአዲስ አበባ ሰው ነፋሱ ስለቀዘቀዘለት ብቻ ፀሐይ የማትጎዳው ቢመስለው ተሳስቷል። ስስ ደመናም ቢሆን አብዛኛውን ጨረር ያሳልፈዋል።

አባቶቻችንና እናቶቻችን የጨረሩን ስም ባያውቁም መከላከያውን አላጡትም። ገበሬው ባርኔጣውን ይደፋል፤ ገበያተኛዋ ጥላዋን ትዘረጋለች፤ መንገደኛው ከዋርካ ሥር ያርፋል። ነጠላ ስስ በመሆኑ ብዙ ጨረር ያሳልፋል፤ ደርበው ቢከናነቡት ግን ይሻላል። በደቡብ ኦሞ የሐመር ሴቶች ጠጉራቸውን በቅቤና በቀይ አፈር ይቀባሉ። አፈሩን ቀይ ያደረገው የብረት ዝገት ጨረርን የመከልከል ጠባይ አለው። ቅቤ ብቻውን ግን ቆዳን ያለሰልስ እንደሆነ እንጂ ፀሐይን አይመልስም። እንግዲህ የጥንቱን ሁሉ መናቅም፥ ሁሉን ሳይመረምሩ ማመንም አይገባም።

ያገራችን ሰው ሰዓቱን የሚያውቀው ጥላውን በእግሩ እየለካ ነበር። ይህ ብልሃት ዛሬም ይጠቅማል፤ ጥላህ ከቁመትህ ካጠረ ፀሐይዋ በርትታለችና ተጠንቀቅ። የባሰው ጊዜ ከጧቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ያለው ነው።

በዘመናዊው ረገድ የፀሐይ መከላከያ ቅባት አለ። ኤስ.ፒ.ኤፍ. 30 የተባለው ቆዳን ከሚያቃጥለው ጨረር ከመቶ 97 ያህሉን ይከለክላል። ይህ የሚሆነው ግን በደንብ ሲቀቡትና በየሁለት ሰዓቱ ሲደግሙት ነው።

ጥቁር ቆዳ ሜላኒን የሚባል የተፈጥሮ ጋሻ አለው። ቢሆንም ጋሻው ፍጹም አይደለም፤ ዓይንንም ከሞራ አያድንም። ቆዳን ለማንጣት ተብሎ የሚቀባው መድኃኒት ደግሞ ይህንኑ ጋሻ የሚያፈርስ ነው። ለውበት ብሎ ጋሻን መጣል ምን የሚሉት ብልህነት ነው?

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው ከአልቢኒዝም ጋር የተወለዱት ወገኖቻችን ጉዳይ ነው። እነርሱ ሜላኒን የላቸውም ወይም እጅግ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ፀሐይ ገና በወጣትነታቸው ለቆዳ ካንሰር ልታጋልጣቸው ትችላለች። የተባበሩት መንግሥታት ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ሰኔ 6 ቀን በየዓመቱ እንዲታሰቡ አድርጓል። ለእኛ ቅንጦት የሚመስለን ቅባት ለእነርሱ መድኃኒት ነው፤ ዋጋውም ለድኻ ቤት ከባድ ነው። እንግዲያው መምህሩ እንዲህ ያለውን ተማሪ ከመስኮት አርቆ ከሰሌዳው አጠገብ ቢያስቀምጠው፥ በሰልፍም ጊዜ ባርኔጣውን አውልቅ ባይለው፥ ያለምንም ወጪ ትልቅ ውለታ ዋለለት ማለት ነው።

በቆዳ ላይ ወጥቶ በጥቂት ሳምንት ያልዳነ ቁስል ያየም ሳይዘገይ ለሐኪም ያሳይ።

በመጨረሻም ለእኛ ለወጣት ወንዶች አንድ ቃል። ጥላ መያዝ የሴትና የካህን ብቻ ነው እያልን በቀትር ስንነድ መዋላችን ጀግንነት አይባልም። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፥ ከነገ ጀምሮ ጥላችንን እንዘርጋ።